ሁለት መኪና በአንድ ካርቡራቶር

“መኪናዋ እንኳ እንዳንቺ አልዛገችም” አለችኝ አክስቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

ሸራውን ገልጬ የኋላ መስታወቷን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ሐሜት አትወድም፤ ያላትን ፊት ለፊት ነው የምትሰጠው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ኮፒ ቤት ሠርቻለሁ፣ የሰው ባጃጅ ነድቻለሁ፣ መናኸሪያ በር ላይ ትኬት ቆርጫለሁ፤ አንዱም ጋ ዓመት አልሞላሁም። ባልም አላገባሁም። አክስቴ ዝገት የምትለው ይህን ሁሉ ደምራ ነው።

“እኔ ከዛግኩ በስቱኮ ትደፍኚኛለሽ” አልኳት። ስቱኮ ላሜራ ሲበሳ የሚለጠፍ ሊጥ ነገር ነው፤ አባቴ መካኒክ ስለነበር በኛ ግቢ ከዱቄት እኩል ይታወቅ ነበር።

“አንቺን የሚደፍን ስቱኮ ጭሮ ውስጥ አልተገኘም። ይልቅ እናትሽን ጥሪያት። ለመኪናዋ ሰው አግኝቻለሁ።”

ሰው ያለችው አዲስ አበባ የሚኖር፣ የድሮ የጣሊያን መኪና የሚሰበስብ ሰው ነው። የዘመድ ዘመድ ነግሯት፣ ራሷ ደውላ፣ ራሷ ቀጥራው ነበር። እናቴ ሰማች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ መኪናዋ መጣችና እንደማታውቃት አየቻት።

“ይምጣና ይያት” አለች። “እኔ ያገባሁት ሰውዬውን ነው፣ መኪናዋን አይደለም። ሰውዬው ሄዷል፤ እሷም ትሂድ።”

መኪናዋን አባቴ “ሚላኖ” ይላት ነበር፤ ኮፈኗ ሥር ያለች ትንሽ ብረት ላይ የተሠራችበት ከተማ ስም ተቀርጾባታል። ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። አፍንጫዋ ረጅም፣ ጀርባዋ አጭር፣ ቀለሟ የደረቀ በርበሬ የመሰለ ቀይ። ከሷ የምትወዳደር አንዲት መኪና ብቻ ነበረች በምዕራብ ሐረርጌ፤ ገለምሶ ውስጥ፣ የመቻራን ቡና የሚነግዱ የአባቴ ወዳጅ ግቢ። እሷም ጣሊያን ናት፣ ግን የሌላ ፋብሪካ። “ቶሪኖ” ነበር ስሟ። ሰማያዊ ናት፣ ወፈር ያለች፣ መስታወቷ ሰፊ። ሰውዬውን ሁሉም ሀጂ ነው የሚላቸው፤ እኔም ሌላ ስም አላውቅላቸውም።

እነዚህ ሁለት መኪኖች ለብዙ ዓመት የኖሩት በአንድ ካርቡራቶር ነው። ካርቡራቶር ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተር የሚያጎርስ ዕቃ ነው፤ እሱ ከሌለ ሞተር ብረት ነው። የሚላኖ ተሰነጠቀ፣ የቶሪኖም ተበላሸ። አባቴ ድሬዳዋ ሄዶ ከአሮጌ ብረት መሐል ለሁለቱም የሚሆን አንድ አገኘ። ሌላ ፈልጎ አጣ። ከዚያ ከሀጂ ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩና ዕቃውን በጾም ተካፈሉት።

እንዲህ ነው ነገሩ። ሁለቱም የሙሽራ መኪኖች ነበሩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ክርስቲያን አይድርም፤ ሚላኖ ሸራዋን ለብሳ ትተኛለች፣ ካርቡራቶሩ ገለምሶ ሄዶ ቶሪኖ የሙስሊም ሙሽሮችን ትጭናለች። ትንሳኤ ሲሆን ወደኛ ይመለሳል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እዚያ ሠርግ ይቆማል፣ ዕቃውም እኛ ዘንድ ይከርማል። በቀረው ጊዜ ሠርግ ያለው ቀድሞ መልእክት ይልካል። ደንቡ አንድ ብቻ ነበር፦ ባለተራው ራሱ ሄዶ ይወስዳል እንጂ የያዘው ሰው አያደርስም። ይህን ያደረጉት ለመጠያየቅ እንዲያመቻቸው ይመስለኛል። አባቴ ትንሳኤ በዋለ በሳምንቱ ገለምሶ ይሄድና፣ ውሎ፣ ተጋብዞ፣ ካርቡራቶሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎ በሚኒባስ ይመለሳል። ሰው “ምንድን ነው የያዝከው?” ሲለው “የሚላኖ ሳንባ” ይላል።

ልጅ ሆኜ በሠርግ ዋዜማ ሚላኖን የማጥብ እኔ ነበርኩ። ታጥባ ካለቀች በኋላ አባቴ ቁልፉን ይሰጠኝና “አሙቂያት” ይለኛል። መንዳት የለም፤ ማሞቅ ብቻ። ወንበሩ ላይ ትራስ ደርቤ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ትስላለች፣ ከዚያ አንገቷን ታቀናለች። ያን ድምፅ እንዴት ልንገራችሁ። ጩኸት አይደለም። አንድ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ፣ ደረቱ ውስጥ ሲያንጎራጉር ነው የሚመስለው። የሙቀቱ መርፌ መሐል እስክትደርስ እዚያ እቀመጥ ነበር፣ መሪውን ይዤ፣ የግቢያችንን ቆርቆሮ አጥር እያየሁ። ከአጥሩ ማዶ አስፋልቱ ነው። ጭሮ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ፣ ከሐረር ወደ አዲስ አበባ፣ ሁሉም ያልፍባታል፣ ምሳ በልቶ ይሄዳል። ሲያልፉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

ከፍ ስል እናቴ “በዚህች መኪና ከግቢ የምትወጪው ስታገቢ ነው” አለችኝ። አባቴ ግን ለብቻችን ስንሆን “መንጃ ፈቃድ አውጪ እንጂ” ይለኝ ነበር። አወጣሁ። ሲወጣ እሱ ከተቀበረ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

የሞተው በዐቢይ ጾም ነው። ካርቡራቶሩ ገለምሶ ነበር። ሀጂ ለቅሶ መጡ፤ ድንኳኑ ውስጥ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ፣ አለቀሱም። ባዶ እጃቸውን መጡ፣ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ትንሳኤ ሆነ። ተራው የኛ ነበር።

“እማዬ፣ ሄጄ ላምጣው” አልኳት።

“ሰው ሞቶብኝ ዕቃ አስጠይቄ? ‘የባሏ አፈር ሳይደርቅ እንዳንበላባት ፈራች’ ይበሉኝ? እሳቸው ያምጡት።”

እሳቸው አላመጡም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። ለሙሽራ የሚጠይቁ ሰዎች መጀመሪያ ይመጡ ነበር፤ በኋላ ቀሩ። ዶሮዎቻችን ከሚላኖ ሥር መተኛት ለመዱ። እኔ በየሳምንቱ እጠርጋታለሁ። ቁልፉን አዞራለሁ፣ ምንም የለም፣ እወርዳለሁ። ከሷ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ራሴ አስነስቻት፣ ራሴ ነድቻት፣ ከጭሮ ወጥቼ በረጅሙ መንገድ መሄድ። እሷን ማስቀረት አልነበረም ፍላጎቴ። መሄድ ነው።

ሰብሳቢው በሳምንቱ በፒክአፕ መጣ፤ የቶሪኖንና የካርቡራቶሩን ነገር አክስቴ በስልክ ነግራው ነበር። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጉልበቱ የማይታዘዝለት ሰው ነው፤ ቢሆንም ላስቲክ አንጥፎ ከሥሯ ገባ። ወጥቶ ልብሱን ሳያራግፍ ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ሰጠኝ።

“ይሄን ላሜራዋ ላይ ቀስ እያልሽ አስኪጂው። ሲለቅሽ ንገሪኝ።”

ኮፈኑ ላይ ያዘ። ጣሪያው ላይ ያዘ። የግራው በር ሥር ስደርስ ማግኔቱ ወደቀ።

“እዚህ ጋ ብረት የለም” አልኩት።

“ስቱኮ ነው። አባትሽ ነው የደፈነው?”

“አዎ።”

“ጥሩ እጅ አለው። በዓይን ብቻ ቢሆን ስቱኮ መሆኑን አላውቅም ነበር።”

“ነበረው” አልኩ።

በሩ ሥር እንደገና ጎንበስ አለ። “ይቅርታሽን” አለ ከታች። ከዚያ እናቴ እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነገሩን ዘረዘረው። እሱ ዘንድ መጀመሪያ የሚታየው ብረት ነው። ሞተር ይጠገናል፣ ወንበር ይሰፋል፤ የበሰበሰ ብረት ግን አይመለስም። ሚላኖን ከሥር ዝገት በልቷታል። ግን እንደሷ ያለች አገር ውስጥ ከሁለት ከሦስት አትበልጥም፣ ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ የሚመኛት እሷን ነው። ቶሪኖ ብዙ ተሠርታለች፣ ሆኖም ደህና ብረት ካላት ትሻላለች።

“ለአንድ መኪና ብቻ ነው ቦታ ያለኝ” አለ። “ቶሪኖን ሳላይ አልወስንም። የምወስዳት ደግሞ በራሷ መነሳት አለባት፤ ስለዚህ ካርቡራቶሩ አብሯት ይሄዳል።”

ገባኝ። ቶሪኖን ከመረጠ ዕቃው ከሷ ጋር ይሄዳል፣ ሚላኖ ለዘላለም የዶሮ ቤት ትሆናለች። ሚላኖን ከመረጠ እሷው ትሄዳለች።

“መንዳት ትችያለሽ?” አለኝ ማግኔቱን ሲቀበለኝ።

“መንጃ ፈቃድ አለኝ።”

“እሱን አልጠየቅኩሽም።”

“ባጃጅ ነድቻለሁ። የጎረቤት ፒክአፕ ነድቻለሁ። ይቺን አልነዳሁም።”

“ነገ ገለምሶ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ሽማግሌውን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ።”

እናቴ አልከለከለችኝም። “ዕቃውን እንዳትጠይቂ” ብቻ አለችኝ። “እሱ ይጠይቅ።”

በማለዳ ወጣን። ኩኒ ላይ ጉም ነበር፤ ከፊታችን የሚሄደውን የጫት መኪና የኋላ መብራት ብቻ እያየን ነው ያለፍነው። በዴሳ ስንደርስ ፀሐይ ወጣ። ሰውዬው ውኃ ሊጠጣ ፈልጎ መንገድ ዳር ቆመና፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ከመሪው በታች ጎንበስ ብሎ ጠጣ።

“ስኳር አለብኝ” አለኝ። “ግን ሁሉ ሰው ጾሞ እኔ ቀና ብዬ ብጠጣ ያሳፍራል።”

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል። እኛም እነሱም አንድ ላይ ነበር የምንራበው። ከሚላኖ ኋላ የተለጠፉትን ሁለት ፊደላት አስቤ ጠየቅኩት።

“ጂቲ ማለት ምን ማለት ነው?”

“ግራን ቱሪስሞ። ሁለት ሰው፣ ሁለት ሻንጣ። ቁርስ አንድ አገር፣ እራት ሌላ አገር። ለከተማ አልተሠሩም እነዚህ። ረጅም መንገድ ካልሄዱ ይታመማሉ።”

“የኛዋ ቁርሷንም እራቷንም ጭሮ ነው የበላችው።”

ሳቀ። “ሩቅ የሄደችው የት ድረስ ነው?”

“ሂርና። ሙሽራ ይዛ።”

ሳቁን አቆመ። ከዚያ እስከ ገለምሶ ስለ ሁለቱ ልዩነት አወራኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን እንቅልፍ ይወስደው ነበር፣ እኔ ግን እንዲጨርስ አልፈለግኩም። ሚላኖ አምስት ማርሽ አላት፣ ሞተሯ ሲሮጥ ነው ደስ የሚለው፣ በዝግታ ከሄድሽባት ትነጫነጫለች። ቶሪኖ ከባድ ናት፣ መንገድ ትይዛለች፣ ወንበሯ ሰው ያሳርፋል፤ ከኋላዋ ልጆች ማስቀመጥ ይቻላል። አንዷን ሰው ወጣት ሆኖ ይመኛታል፣ አንዷን አርጅቶ ይገዛታል አለ።

“አባቴ ‘ሚላኖ ትሮጣለች፣ ቶሪኖ ትሄዳለች’ ይል ነበር” አልኩት።

“ከኔ ያሳጠረው እሱ ነው” አለ።

ሀጂ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ጠበቁን። ከለቅሶው ወዲህ አላየኋቸውም ነበር፤ አጥረዋል። በሁለት እጃቸው ጭንቅላቴን ይዘው ሳሙኝ።

“ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ። ነይ ልጄ። ምን ላብላሽ እንግዲህ? እኔ ጾም፣ አንቺ ጾም።” ወደ ሰብሳቢው ዞሩ። “አንተስ?”

ለሀጂ በአማርኛ ሰው ሁሉ አንተ ነው፣ ሚኒስትርም ቢመጣ። ሰውዬው ቅር አላለውም። “እኔም ችዬዋለሁ” አለ፣ የበዴሳውን ውኃ ዋጥ አድርጎ።

“ዘንድሮ ክርስቲያንም እስላምም አብሮ ራበው” አሉ ሀጂ። “ደግ ነው። የሚያማን ጠፋ።”

ቶሪኖ የቡናው መጋዘን ውስጥ ነበረች፤ ከወለሉ ከፍ ብላ እንጨት ላይ። ደረቅ ቦታ ነው፣ አቧራው እንኳ ንጹሕ ነው። ሰብሳቢው ማግኔቱን ራሱ ያዘ። በሮቹ ላይ አልወደቀም። ሥሯ ላይ አልወደቀም። ጣሪያዋ ላይ ብቻ ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ጫት ነው” አሉ ሀጂ። “ፒክአፑ ተሰብሮ፣ ጫቱ ሊደርቅ፣ ጣሪያዋ ላይ ጫንኩ። የሷ አባት ሲያይ ሁለት ወር አላናገረኝም።”

እኔም አስታወስኩት። አባቴ እቤት መጥቶ “ሙሽራዋን አህያ አደረጋት” ብሎ ምሳውን አልበላም ነበር።

ሰብሳቢው ኮፈኗን ከፈተ። ካርቡራቶሩ መሆን ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ቀዳዳው በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በሲባጎ ታስሯል።

“ዕቃው የት አለ?” አለ ሰውዬው።

“ቤት።”

ሀጂ ራሳቸው ገብተው አመጡት። ቡፌ ውስጥ፣ ብርጭቆዎቹ መሐል ነበር የሚያስቀምጡት። ጠቅልለውት የነበረው በሰማያዊ ጨርቅ ነው፤ የአባቴ ቱታ ቁራጭ። አባቴ ያን ጊዜ በጠቀለለበት፣ በዚያው። ዘይት ይሸታል። ገለጥኩት፤ ቆሻሻ የሚባል የለበትም፣ ቅባቱ አዲስ ነው።

እናቴ አትጠይቂ ብላኝ ነበር። አልቻልኩም።

“ሀጂ፣ ለምን አላመጡልንም?”

“አንቺስ ለምን አልመጣሽም?” አሉኝ። “ትንሳኤ ሲሆን ትመጣላችሁ ብዬ ፈታሁት። ተራው የናንተ ነው፤ እስክትወስዱት የኔ አይሆንም። ጠበቅኩ። ሌላው ትንሳኤም መጣ።”

“ያመጡታል ብለን ነው እኮ።”

“እኔ እንዴት አመጣለሁ? ዱጋ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የሞተ ሰው ቤት ይህን ይዤ ብገባ ለእናትሽ ምን አልኳት? ‘ከባልሽ ጋር የነበረኝ አለቀ፣ ይኸው ዕቃሽ’ አልኳት። ይባላል እንዴ? ለቅሶ ስመጣ እስከ መኪናው ድረስ ይዤው ወጥቼ ነበር። መለስኩት።”

“እማዬ ደግሞ ‘ከጠየቅን ሀጂን አላመንናቸውም ማለት ነው’ አለች።”

ሀጂ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። “ሱብሓነላህ” አሉ፣ ለራሳቸው።

“ታዲያ ቶሪኖን ለምን በሱ አልነዷትም?”

“በናንተ ተራ?” አሉ፣ እንደ ሰደብኳቸው። “ትንሿ ልጄ ስትዳር በኪራይ መኪና ነው የሄደችው። ነጭ የሆነች፣ ድምፅ የሌላት። እሷም ‘አባ፣ ቶሪኖስ?’ አለችኝ። ተራው የጭሮ ነው አልኳት።”

“ሁለት መኪና በይሉኝታ ገደላችሁ” አልኩ።

አልጮህኩም። ሰብሳቢው መሬት መሬት አየ። እንደዚያ ለትልቅ ሰው አይነገርም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሦስት ዓመት ቁልፍ ያዞርኩት እኔ ነኝ።

“ገደልን” አሉ ሀጂ። “አባትሽ ቢኖር ሁለታችንንም ይሰድበን ነበር። እናትሽንም፣ እኔንም።”

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገና ሞተሯን መስማት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሀጂ ወደኔ ጠቆሙት።

“ባለተራዋን ጠይቅ።”

“ይግጠም” አልኩ።

እሱ አሰረ፣ እኔ መፍቻ አቀበልኩ። ከፒክአፑ ባትሪ አመጣን፣ ከጀሪካን ንጹሕ ቤንዚን ጨመርን። ቁልፉን ሀጂ አዞሩ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በግማሽ ነው፣ አንድ እግራቸው መሬት ላይ ነበር። ብዙ ጊዜ እምቢ አለች። ከማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ሳለች፣ ከዚያ ያዘች።

ቶሪኖ እንደ ሚላኖ አይደለችም፤ ድምፅዋ ወፍራም ነው። ከሥሩ ግን ያው ትንፋሽ አለ። ዕቃው ያው ነዋ። የአየር መሳቡ ድምፅ፣ ያ ከንፈር ገጥሞ እንደ ማንጎራጎር ያለው፣ ከመኪናዋ ሳይሆን ከካርቡራቶሩ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ግቢው ውስጥ የነበሩ ሴቶች ቡና መልቀሙን ትተው መጡ። አንዷ የለበሰችውን ነጠላ አፏ ላይ አድርጋ “በዚች ነው የተዳርኩት” አለች፣ ለማንም አይደለም። እኔ ኮፈኑን ይዤ ቆሜ ነበር። አባቴ ከኋላዬ “አሙቂያት፣ አትቸኩዪ” የሚለኝ መሰለኝና ዞር አልኩ። መጋዘኑ በር ላይ የቡና ኩንታል ነው ያለው።

መርፌዋ መሐል ስትደርስ ሀጂ ራሳቸው አጠፏት። ወዲያው አልወረዱም።

ሰብሳቢው እጁን እየጠረገ አጠገባቸው መጣ። “ሀጂ፣ ላልዋሽ። ብረቷ ከሚላኖ ይሻላል። ከነካርቡራቶሩ እሷን ብወስድ ደስ ይለኛል።”

“መኪናዋን ልውሰድ ብትለኝ አስብ ነበር” አሉ። “ዕቃውን ግን አልሰጥህም። የኔ ተራ አይደለም።”

“እከፍላለሁ እኮ።”

“ተራ ይሸጣል እንዴ? የሷ ነው። ለቶሪኖ ተዪው ካልካት፣ እሺ ካለች፣ መኪናዋ አብራህ ትሂድ። እኔ አፌን አልከፍትም።”

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። ሴቶቹም። ለቶሪኖ ከተውኩት ሚላኖ እኛ ግቢ ትቀራለች፣ ዕድሜ ልኳን፤ በየሳምንቱ እጠርጋታለሁ። ከወሰድኩት ትሄዳለች። ሀጂም ቶሪኖም ባሉበት ይቀራሉ። ለሳቸው ብዬ ልተወው ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰማያዊዋን አየኋት፣ እንጨት ላይ ቆማ። ከዚያ አጥራችን መጣብኝ፣ ከማዶው የሚያልፉት መኪኖች።

“እወስደዋለሁ” አልኩ። “ሚላኖን ይውሰዷት። ግን ከግቢያችን የማወጣት እኔ ነኝ። በጭነት መኪና ተጭና አይደለም የምትወጣው። በአዲስ አበባ መንገድ እስከ ሚኤሶ እኔ እነዳታለሁ፤ ከዚያ እርስዎ ያውቃሉ።”

“ቁልቁለት ነው። ፍሬኗ ሦስት ዓመት አልተነካም።”

“ይፈተሻል።”

“ያልሞከርሻት መኪና ናት።”

“ታዲያ ለዚህ አይደል የምነዳት?”

ሀጂ በአፍንጫቸው ሳቁ። “የአባቷ ልጅ ናት፣ አትድከም” አሉት።

ካርቡራቶሩን ሲፈቱ ጨርቁን እኔ ዘረጋሁ። ሀጂ ባዶውን ቀዳዳ በነጩ ጨርቅ መልሰው አሰሩትና ኮፈኗን ቀስ ብለው ዘጉት።

“ለእናትሽ ሰላም በይልኝ። ከኢድ በኋላ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ። አሁንማ ባዶ እጄን መምጣት እችላለሁ።”

ስንወጣ በስፖኪዮው አየኋቸው። ወደ ወንበራቸው አልተመለሱም፤ መጋዘኑ በር ላይ ቆመው ነበር።

እናቴ ጥቅሉን ከእጄ ተቀብላ ጨርቁን አወቀችው። ሀጂ የነገሩኝን ሁሉ ነገርኳት፤ እስከ መኪናው ድረስ ይዘውት ወጥተው እንደመለሱት ጭምር። ጓዳ ገባች። ቆይታ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፣ “ምሳ አትበሉም እንዴ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል” አለች።

ሰብሳቢው ጎማና ባትሪ አምጥቶ ነበር። ፍሬኑን ፈታን፤ እሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ ሆኜ ስረግጥና ስለቅ አመሸን። በማግስቱም እንደዚያው። ዶሮዎቹ ማደሪያቸውን ሲያጡ አጥሩ ላይ ወጥተው ያዩናል። ጭነት መኪና ሚኤሶ ላይ እንዲጠብቀው ደወለ፤ ፒክአፑንም በሹፌር አስቀድሞ ላከ። እናቴ የሽያጩን ወረቀት ፈረመችና እስክሪብቶውን መለሰችለት።

ማታ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ጠዋት ሚላኖ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ሰውዬው ከጎኔ ተቀመጠ፣ ቀበቶ ፈለገ፣ የለም። ሻንጣዬን ከኋላ አስቀመጥኩ። እናቴ በሩን ይዛ ጎንበስ አለች።

“ምንድን ነው ሻንጣው?”

“ልብስ ነው።”

“ለሚኤሶ?”

“ለሚኤሶ።”

ሻንጣውን አየችው። ከዚያ መሪውን፣ ከዚያ እጄን አየች።

“ቁልቁለቱ ላይ በማርሽ ያዢያት” አለችኝ። “ፍሬን ብቻ አትመኚ።”

እናቴ መንዳት አትችልም።

በሩን ዘጋችልኝ። አንደኛ አስገብቼ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ግቢውን ወጣሁ፣ የሰፈሩን ድንጋይ ጨረስኩ፣ አስፋልቱ ላይ ስደርስ አንድ አውቶቡስ አሳለፍኩ፣ ፍሬቻ አሳይቼ ወደ ሚኤሶ ታጠፍኩ።